የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን ነው? የአቤቱታ አማርኛ ከበላ ልበልሃ እስከ ልደታ ችሎት

በአዲስ አበባ ከተማ፣ በልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ የሚደርስ ባለጉዳይ በመጀመሪያ የሚገናኘው ከዳኛው ጋር አይደለም። ከዳኛው አስቀድሞ ራፖር ጸሐፊው አለ። ትናንት በጽሕፈት መኪና፣ ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሠራው ይህ ሰው የባለጉዳዩን ብሶት ያዳምጣል፤ ጥቂት ይጠይቃል፤ ከዚያም ጣቶቹ መሮጥ ይጀምራሉ። ከአንዲት አሮጊት እናት አንደበት በእንባና በመሐላ፣ በምሳሌና በእርግማን ታጅቦ የወጣው ነገር ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «እኔ ከሳሽ» ብሎ በሚጀምር ረጅም ዓረፍተ ነገር ተቋጥሮ በወረቀት ላይ ይሰፍራል። ጽሑፉ ሲነበብላቸው እኚያ እናት የሌላ ሰው ታሪክ የሚሰሙ ያህል እየተደነቁ፣ «ልጄ፣ ይህ እኔ ያልሁት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። «አዎ እማማ፤ በሕግ አማርኛ ሆኖ ነው እንጂ የእርስዎው ነው» ይላቸዋል ጸሐፊው። እርሳቸውም ፈርመው ወይም የአውራ ጣታቸውን አሻራ አኑረው ወደ መዝገብ ቤት ያመራሉ።

በዚህች አጭር ምልልስ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ። ሰው በአፉ ከተናገረው ቃልና ዳኛ በዓይኑ ከሚያነበው ወረቀት መካከል የሚጠፋው ምንድን ነው? የሚገኘውስ? ጥያቄው ለሕግ ባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም። ተማሪዎቹን ማመልከቻ መጻፍ የሚያስተምረው መምህር፣ ገጸ ባሕርያቱን በችሎት ፊት የሚያቆመው ጸሐፌ ተውኔት፣ የስብሰባን ቃለ ጉባኤ የሚያጠናቅረው ካድሬ ሁሉ በየፊናቸው ይመለከታቸዋል። መልሱን ለመፈለግም ለቅኔና ለልቦለድ ብቻ የተፈጠረ የሚመስለው የስልት ጥናት፣ ማለትም ስታይሊስቲክስ፣ ጥሩ መሣሪያ ሆኖ ይገኛል።

የስልት ጥናት ከግጥም ውጭ

ስልት የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ጌጥ ነው፤ ደብዳቤ፣ ውል፣ አዋጅና ዜና ግን ስልት የላቸውም የሚለው አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ የኖረ ነው። ይሁን እንጂ ገና እ.ኤ.አ. በ1909 የጄኔቫው ሊቅ ሻርል ባሊ ስለ ፈረንሳይኛ ስልት ባሳተመው መጽሐፍ ትኩረቱን ያሳረፈው በደራስያን ላይ ሳይሆን ሕዝቡ በየዕለቱ በሚናገረው ቋንቋ ላይ ነበር። በእንግሊዝኛው ዓለም ደግሞ ሮማን ያኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1960 በታተመው ዝነኛ ጽሑፉ የግጥም ባሕርይ በግጥም ብቻ ተወስኖ እንደማይቀር ለማስረዳት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ምርጫ መፈክርን በምሳሌነት ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1966 ጄፍሪ ሊች የንግድ ማስታወቂያን እንግሊዝኛ መረመረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ዴቪድ ክሪስታልና ዴሪክ ዴቪ በጋራ ባወጡት መጽሐፍ የተራ ሰዎችን ጭውውት፣ የስፖርት ዘገባን፣ የጸሎት ቋንቋን፣ ጋዜጣንና የሕግ ሰነድን ጎን ለጎን አስቀምጠው እያንዳንዱ የራሱ የሆነ የስልት መልክ እንዳለው አሳዩ።

የጥናቱ ጥርስ ይበልጥ የተሳለው ግን እ.ኤ.አ. በ1979 ሮጀር ፋውለርና ባልደረቦቹ ቋንቋና ሥልጣን ያላቸውን ትስስር የሚመረምር መጽሐፍ ሲያወጡ ነው። ከመጽሐፉ ምሳሌዎች አንዱ የአፍሪካ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 በሮዴሽያ ዋና ከተማ በሶልዝበሪ፣ በዛሬዋ ሐራሬ፣ የነጮቹ መንግሥት ፖሊስ በሰልፈኛ ጥቁሮች ላይ ተኩሶ ሰዎች ገደለ። አንድ የለንደን ጋዜጣ በማግሥቱ ሲዘግብ ሟቾቹን ከፊት አስቀምጦ ፖሊስን በተደራጊ ግሥ ጭራ ላይ አንጠለጠለው። በተከታዩ ቀን ርእሰ አንቀጽ ደግሞ ገዳዩም ግድያውም ጠፍተው «የሕይወት መጥፋት» የሚል ስም ብቻ ቀረ። ውሸት የሚባል ቃል አልተጻፈም፤ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ብቻ ከቦታው ተነሣ።

በአማርኛ ሰዋስው «ባለቤት» የሚለው ቃል ድርጊቱን የሚፈጽመውን ያመለክታል። በሕግ አማርኛ ደግሞ ያው ቃል የሀብት ጌታ ማለት ነው። ይህ መገጣጠም የቋንቋ ጨዋታ ብቻ መስሎ ቢታይም የአቤቱታ አማርኛ ታሪክ በሁለቱ ፍቺዎች መካከል የተጓዘ ታሪክ ነው።

አንደበት ዳኛ በነበረበት ዘመን

በቀድሞው ሥርዓት ሙግት የሚደረገው በቃል ነበር። ተሟጋቾቹ ሸማቸውን በወጉ አጣፍተው፣ በትራቸውን ይዘው፣ ዳኛውን በፊታቸው ተመልካቹን ደግሞ በዙሪያቸው አድርገው ፊት ለፊት ይቆማሉ። «በላ ልበልሃ» የሚለው መክፈቻ በራሱ የሙግቱን ጠባይ ይናገራል፤ አንተ በል፣ እኔም ልበልህ ማለት ነውና። ከዚያ «ተጠየቅ» ይመጣል። ከሳሹ ጠያቂ፣ ተከሳሹ ተጠያቂ ሆኖ ነገሩ በምት በምት፣ ቤት እየመታ፣ በተረትና በምሳሌ እየተደገፈ ይፈስሳል። ተሟጋቹ በቃሉ መጽናቱን ለማሳየት ማር ወይም በቅሎ ይወራረዳል። ዳር የቆመው ሕዝብም ለጌጥ የቆመ አልነበረም፤ ከመካከሉ ነገር አዋቂ የተባለው ተጠይቆ አስተያየቱን ይሰጥ ነበር።

ይህ የሙግት ስልት በዛሬው የስልት ጥናት መነጽር ሲመረመር ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው፣ ባለቤቱ የማይጠፋ መሆኑ ነው። «እኔ» የሚለው ሰው በአካል ቆሟል፤ «አንተ» የተባለውም ከፊቱ አለ። የአማርኛ ግሥ አድራጊውንና ተደራጊውን በአንድ ቃል አዋሕዶ መያዙ ለዚህ እጅግ ተስማሚ ነው። «ነጠቅኸኝ» የምትለው አንዲት ቃል ነጣቂውንም ተነጣቂውንም ይዛለች። ሁለተኛው፣ ቃሉ ራሱ ድርጊት መሆኑ ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ኦስቲን በቃል ነገር ስለ መሥራት የሰጠው ትምህርት በመጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ከዚያ እጅግ አስቀድሞ ግን በኢትዮጵያ መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው እግሩን ሳያነሣ ይቆም ነበር። ቃሉ ስለ ሕግ የሚያወራ አልነበረም፤ በዚያች ቅጽበት ሕጉ ራሱ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ያን ዘመን ያለ ነቀፌታ ማወደስ አይገባም። አንደበተ ርቱዕ የሆነው ባለጸጋ አንደበቱ የተሳሰረውን ድኻ በነገር ጥበብ ይረታው ነበር። በቅሎ መወራረድ የሚችለውም በቅሎ ያለው ነው።

የጽሑፍ ሕግ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። መሠረቱ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ የተዘጋጀው ፍትሐ ነገሥት ወደ ግዕዝ ተመልሶ ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል። ሊቃውንቱም መጽሐፉን ሲያስተምሩ ንባቡን ብቻ አልተቀበሉም፤ እያንዳንዱን ቃል «አንድም» እያሉ ከየአቅጣጫው ይመረምሩት ነበር። የቅዱሳት መጻሕፍት መተርጐሚያ የሆነው የአንድምታ ስልት በሕግ መጽሐፍም ላይ መዋሉ ኪነ ጥበባዊ ያልሆነን ጽሑፍ ቃል በቃል መመርመር ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ እንዳልነበረ ያስረዳል።

የአንድ ግሥ ዋጋ

የአንድ ቃል ስልት የአገር ዕጣ የሚወስን መሆኑን ከውጫሌ ውል የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ የለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በኢጣልያው መልእክተኛ በኮንት ፔትሮ አንቶኔሊ መካከል የተፈረመው ይህ ውል በአማርኛና በኢጣልያንኛ የተጻፈ ሲሆን፣ 19ኛው አንቀጹ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም እንደሚስማሙና እኩል እንደሚጸኑ ይናገራል። 17ኛው አንቀጽ ግን አልተስማማም። አማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ ኢጣልያንኛው ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ መንግሥት በኩል ሊላላኩ ተስማምተዋል የሚል ነበር። ኢጣልያም ይህን ቃል ይዛ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1889 ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር መሆኗን ለኤውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች።

ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የአንድ ቃል መጣመም ሆኖ ነው። በሰዋስው ዓይን ሲታይ ግን ከዚያ ይጠልቃል። «መላላክ ይቻላቸዋል» በሚለው አማርኛ የግሡ ባለቤት «መላላክ» ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ ነገሩ የሚቻላቸው፣ ቢሹ የሚጠቀሙበት ቢሹ የሚተዉት ሰው ናቸው። በኢጣልያንኛው ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው የግሡ ባለቤት ሆነው ተስማሚና ግዴታ ገቢ ሆኑ። የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት በመለወጥ የአገሩን ባለቤት ለመለወጥ ተሞከረ ማለት ነው።

ምኒልክ ልዩነቱን እንደ ደረሱበት በ1883 ዓ.ም. መጀመሪያ ለንጉሥ ኡምቤርቶ ተቃውሟቸውን ጻፉ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ። ነገሩ በመጨረሻ የተቆረጠው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ነው። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌን ውል ሽሮ የኢትዮጵያን ነፃነት አረጋገጠ። ስዊድናዊው የታሪክ ሊቅ ስቬን ሩበንሰን ይህንኑ 17ኛ አንቀጽ ቃል በቃል የመረመረበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1964 በአዲስ አበባ መታተሙም ሰነድን እንደ ግጥም አቅርቦ ማንበብ ምን ያህል ፍሬ እንደሚሰጥ ምስክር ነው።

ከነጋሪት ወደ ነጋሪት ጋዜጣ

በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትርነቱ የአፈ ንጉሥ ነሲቡ፣ የጽሕፈት ሚኒስትርነቱ ደግሞ የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ሆነ። በሹመቶቹ ስም አፍና ብዕር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከዚያ ወዲህ ብዕሩ እያየለ ሄደ። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ሲወጣ ረቂቁን ያዘጋጁት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በ1910ሮቹ ዓመታት የመጀመሪያውን የአማርኛ ቲያትር፣ የአውሬዎችን ኮሜዲ፣ የደረሱትም እርሳቸው ነበሩ። የኢትዮጵያ ተውኔትና የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ከአንድ ብዕር መፍለቃቸው በሥነ ጽሑፍና በሰነድ መካከል የቆመው አጥር የታሰበውን ያህል ረጅም እንዳልሆነ ያሳያል።

ከድል በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ ተቋቋመ። አዋጅ ሲጐሰምበት የኖረው ከበሮ ስሙን ለወረቀት አወረሰ። ከዚያም ታላላቆቹ የሕግ መጻሕፍት ተከታትለው ወጡ፤ በ1949 ዓ.ም. በስዊሳዊው ዣን ግራቨን የተረቀቀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ በፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ የተረቀቀው ባለ 3367 አንቀጽ የፍትሐ ብሔር ሕግ። ሁለቱም በፈረንሳይኛ ተረቅቀው ወደ አማርኛ የተመለሱ ናቸው። ተርጓሚዎቹ በአንደበት ሙግት የተሞረደውን አማርኛ ወስደው ለማያውቀው ጭነት አበቁት። «ማንም ሰው» ብሎ የሚነሣውና «እንደሆነ» በሚል የሁኔታ ሐረግ የሚታጠፈው የሕግ ዓረፍተ ነገር በዚህ ዘመን ሥር ሰደደ። «ማንም ሰው» ሲባል መኳንንትና ገባር፣ ባለ ርስትና ጭሰኛ በአንድ ቃል እኩል ተጠሩ፤ ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። በሌላ በኩል ግን «ማንም ሰው» ፊትም ድምፅም የሌለው ባለቤት ነው።

የ1966ቱ አብዮት ሲፈነዳ የአቤቱታው ራስና እግር ተለወጠ። «ግርማዊ ጃንሆይ» ብሎ ለዙፋን ችሎት የሚንበረከከው መግቢያ ቀረ፤ በምትኩ «ጓድ» እና «ኢትዮጵያ ትቅደም» መጡ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን በዚያው ዓመት የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የሚመለከቱት አዋጆች የባለቤትነትን ትርጉም ከሥሩ ነቀነቁት። የአቤቱታው ወገብ ግን አልተለወጠም። ረጅሙ ዓረፍተ ነገር፣ የቦዝ አንቀጽ ድርድሩ፣ አድራጊው የማይታወቅ ተደራጊ ግሥ እንደ ነበሩ ቀጠሉ። «ቤቴ ተወረሰ» የሚለው አነጋገርም በዚያ ዘመን በከተሞች የተለመደ ሆነ፤ ወራሹ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም።

የወረቀቱ ስልት

የዛሬውን የልደታ አቤቱታ ለመመርመር አንድ የምሳሌ ጉዳይ ማቅረብ ይበቃል። ባለጉዳይዋ እናት ለጸሐፊው እንዲህ ይሉታል እንበል፦ «ቤቴን አከራየሁት። ስድስት ወር ሙሉ አምስት ሳንቲም አልሰጠኝም። ስጠይቀው አዋረደኝ። ውጣልኝ ስለው በሩን ዘጋብኝ።» ወረቀቱ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «እኔ ከሳሽ ይዞታዬ የሆነውን ቤት ለተከሳሽ በወር ኪራይ ሰጥቼ ሳለ፣ የ6 ወር ኪራይ ሳይከፈል በመቅረቱና ቤቱም እንዲለቀቅ በተደጋጋሚ ተጠይቆ ተከሳሽ ፈቃደኛ ሊሆን ባለመቻሉ፣ ይህን ክስ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።»

በንግግሩ ውስጥ አራት ማሰሪያ አንቀጾች አሉ። እያንዳንዱ ባለቤቱን ይዟል፤ አከራየችው፣ አልሰጣትም፣ አዋረዳት፣ ዘጋባት። በወረቀቱ ላይ ያለው ማሰሪያ አንቀጽ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም «ተገድጃለሁ» የሚል ተደራጊ ግሥ ነው። ዋናው በደል፣ ማለትም ኪራዩን አለመክፈሉ፣ በጥገኛ ሐረግ ውስጥ ተደብቆ «ሳይከፈል በመቅረቱ» ሆኗል። ያልከፈለው ማን ነው? ሐረጉ አይናገርም። «ተጠይቆ» ሲባልስ ማን ጠየቀው? መቼ? ተከሳሹ «የጠየቀኝ የለም» ብሎ ቢክድ ወረቀቱ መልስ አልያዘም፤ «ስጠይቀው» የምትለው የእናቲቱ አንዲት ቃል ግን ጠያቂዋንም ተጠያቂውንም ይዛ ነበር። ይልቁንም የሚያስገርመው «ፈቃደኛ ሊሆን ባለመቻሉ» የሚለው ነው። በር የዘጋ ሰው እንቢተኛ እንጂ ያልቻለ ሰው አይደለም። የጨዋነት ልማድ እንቢታን ወደ አቅም ማጣት ለወጠው። በውጫሌ አገር ያወከው «ቻለ» የሚለው ግሥ እነሆ በልደታ ደጃፍ ደግሞ የአንዲት እናትን ክስ ያለሰልሳል።

ወረቀቱ ያተረፈውም አለ። ማዋረዱ ለኪራይ ክስ የማያስፈልግ መሆኑን ጸሐፊው አውቆ ትቶታል፤ ውሉንና ያልተከፈለውን ወር በቁጥር አስቀምጧል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በ80ኛው አንቀጹ የክስ ጽሑፍ ፍሬ ነገሩን ባጭሩ እንዲገልጽ ይጠይቃል። ስለዚህ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር፣ የቦዝ አንቀጹን ሰንሰለትና ባለቤት አልባውን ግሥ የሚያዘው ሕጉ አይደለም፤ ከጸሐፊ ወደ ጸሐፊ ሲወራረስ የመጣ ልማድ ነው። አሜሪካዊው ዴቪድ ሜሊንኮፍ እ.ኤ.አ. በ1963 የእንግሊዝኛን የሕግ ቋንቋ ታሪክ መርምሮ የደረሰበት ይህንኑ ይመስላል። ጠበቆች አንዱን ነገር በሁለትና በሦስት ቃል የሚደጋግሙት ሕግ ስላስገደዳቸው ሳይሆን ላቲን፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ተደራርበው ያለፉበት ታሪክ የተወው ልማድ በመሆኑ ነው።

የዚሁ የሥነ ሥርዓት ሕግ 92ኛ አንቀጽ ደግሞ በክሱ የተጻፈው እውነት መሆኑ በፊርማ እንዲረጋገጥ ያዛል። እኚያ እናት አሻራቸውን ሲያኖሩ «ይህ እኔ ያልሁት ነው?» ብለው ለጠየቁት ቃል እውነተኛነት ኃላፊ ሆኑ ማለት ነው። የአጻጻፍ ስልት የውበት ጉዳይ ብቻ ሆኖ የማይቀረው እዚህ ላይ ነው።

የመምህሩና የኪነ ጥበብ ሰው ድርሻ

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እጅግ ብዙ ሰው ፊደል አስቆጥሯል። ይሁን እንጂ ፊደል መቁጠርና የራስን ጉዳይ በወረቀት ላይ ማወቅ አንድ አይደሉም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ በአማርኛውና በእንግሊዝኛው የሕግ ጽሑፍ መካከል ልዩነት ሲገኝ አማርኛው እንዲጸና ደንግጓል። ከውጫሌ በኋላ ይህ ድንጋጌ ትልቅ ትርጉም አለው። ነገር ግን የሚጸናው አማርኛ የጠራ አማርኛ ሊሆን ይገባል፤ ባለቤቱ የጠፋ ቃል ቢጸና የሚጸናው ጥርጣሬው ነውና።

በትምህርት ቤት ሰምና ወርቅ የሚያስለየው መምህር በዚያው ሰዓት አንድ ማመልከቻ፣ አንድ የኪራይ ውል፣ አንድ የጋዜጣ ዜና ሰሌዳ ላይ ቢጽፍና ተማሪዎቹ ከእያንዳንዱ ግሥ ባለቤቱን እንዲያወጡ ቢያደርግ ከብዙ የሰዋስው ሕግ የበለጠ ያስጨብጣል። ቲያትር ጸሐፊውም በበላ ልበልሃ የተሞረደውን ቃለ ተውኔት ከመድረክ አልፎ ለሕዝቡ የጽሑፍ ኑሮ ሊመልሰው ይችላል። ካድሬውም ቃለ ጉባኤ ሲይዝ «ተወስኗል» ከማለቱ በፊት ማን እንደ ወሰነ ቢጽፍ ሕዝቡ ነገ የሚጠይቀውን ሰው አስቀድሞ ያውቃል።

ልደታ ደጃፍ የተቀመጠው ራፖር ጸሐፊም ቢሆን ሊነቀፍ የሚገባው ሰው አይደለም። ከአፈ ንጉሥና ከጸሐፌ ትእዛዝ ዘመን ጀምሮ የተከማቸ ልማድ በጣቶቹ ላይ አድሯል። ነገር ግን የተናጋሪዋን አንድ ማሰሪያ አንቀጽ እንኳ ሳያፈርስ ወረቀት ላይ ቢያሰፍር፣ «ኪራይ አልከፈለኝም» ብሎ ቢጽፍ፣ ሕጉ አይከለክለውም። ያን ቀን እኚያ እናት ሲነበብላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው «አዎ፣ ይህ የእኔ ቃል ነው» ይላሉ። የቤታቸው ባለቤት መሆናቸው የሚረጋገጠው በችሎት ነው፤ የቃላቸው ባለቤት መሆናቸው ግን ከችሎቱ በፊት፣ ከዚያች ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ይጀምራል።